ስለ ፊልም ዲሬክተሮችና ስለ አንድ የጠፋ መዝገብ

ዲሬክተር የሚለው ቃል በእኛ በመንግሥት ሠራተኞች ዘንድ የተከበረና የሚፈራ ቃል ነው። ቃሉ በተነሣ ቁጥር በዐይነ ልቡናችን የሚታየን ሰፊ ጠረጴዛ፥ የተዘጋ በር፥ በበሩም አጠገብ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የምትል ጸሐፊ ናት። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ለአንባብያን ላቀርብ ያሰብሁት ስለዚህ ዓይነቱ ዲሬክተር አይደለም፤ ስለ እርሱ ለመጻፍ ማዕረጌም ድፍረቴም አይፈቅድልኝም። የምጽፈው ስለ ፊልም ዲሬክተሮች ነው። ከእነርሱም ጥቂቶቹ በሮማ፥ በካልካታና በቶክዮ ሆነው የሠሩት ሥራ፥ እኔን አንዱን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በገዛ ወንበሬ ላይ እንዴት እንዳሳፈረኝ መናገር እወዳለሁ። የፊልሞቹን ዓመታት የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። በልጅነታችን ሲኒማ የምንለው ቪዲዮ ቤት ነበር፤ ይኸውም በአንድ የጭቃ ቤት ውስጥ ከጣውላ የተሠሩ አግዳሚዎች ተደርድረው፥ ከፊት አንድ ቴሌቪዥን ከፍ ብሎ ተቀምጦ፥ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ፥ ሃምሳ ሳንቲም እየከፈልን የምንገባበት ቤት ነው። በአዲስ አበባ መጀመሪያ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት የዚያ ዘመን ሰዎች «የሰይጣን ቤት» ብለውት ነበር ይባላል። እናቴም ስለ ሠፈራችን ቪዲዮ ቤት የነበራት አስተያየት ከዚህ እጅግ የራቀ አልነበረም። በዚያ ቤት አንድ የማይጣስ ሕግ ነበረ። የፊልሙ ጀግና «አክተሩ» ይባላል፤ የጠላቶቹም አለቃ «ቦሱ» ይባላል፤ አክተሩ ደግሞ አይሞትም። በጥይት ቢበሳሳ፥ ከገደል ቢወረወር፥ ከእኛ መካከል የሚደነግጥ አልነበረም። «አትፍራ፤ አክተሩ አይሞትም» እንባባል ነበር። ፊልሙን ማን አዘጋጀው ብሎ የጠየቀ ልጅ ግን አላስታውስም። ፊልም እንደ ዝናም ከላይ የሚመጣ ነገር ይመስለን ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ከተቀጠርሁ በኋላ፥ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን ስንኖር፥ እርሱ በፍላሽ እየቀዳ የሚያመጣቸውን ፊልሞች በኮምፒዩተሩ እናይ ጀመር። በአንድ የክረምት ቅዳሜ ያመጣው ፊልም ጥቁርና ነጭ ስለ ነበረ ልተኛ ተነሥቼ ነበር። ፊልሙ በ1948 የወጣው የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ነው። ታሪኩ አጭር ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሮማ ውስጥ ሥራ አጥቶ የኖረ አንድ ሰው በየግድግዳው ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ለሥራው ብስክሌት ግዴታ ነው፤ ሚስቱም የአልጋ አንሶላዎቻቸውን በመያዣ አስይዛ፥ ቀድሞ በመያዣ የተሰጠውን ብስክሌት ታስለቅቅለታለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ብስክሌቱ ይሰረቃል። ከዚያ ወዲያ አባትና ትንሽ ልጅ ከተማውን ሲዞሩ መዋል ብቻ ነው። አባትየውን ሆኖ የሠራው ላምቤርቶ ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ ተዋናይ አልነበረም። እኔ በደሴ ልማዴ አክተሩ ሌባውን የሚደበድብበትን ሰዓት ስጠባበቅ፥ አክተሩ ራሱ የሰው ብስክሌት ሊሰርቅ ሲሞክር ተያዘና በልጁ ፊት በጥፊ ተመታ። በመጨረሻም ልጁ እያለቀሰ የአባቱን እጅ ያዘ።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያች የልጁ እጅ እንድትታየኝ ያደረገ ማን ነው? ጸሐፊው ነገሩን ጽፎታል፤ ልጁም እጁን ዘርግቷል። ነገር ግን «አሁን ሌላውን ሁሉ ተውና ይህችን እጅ እይ፤ ገና አትሂድ፤ ጥቂት ቆይ» ያለኝ አንድ ሰው መኖር አለበት። የፊልም ዲሬክተር ማለት ይህ ሰው መሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። የብርሃኑን፥ የካሜራውንና የተዋንያኑን ነገር ሊቃውንቱ ቢያብራሩት ይሻላል። እኔ በበኩሌ የዲሬክተርን ታላቅነት የምለካው፥ ሌላው ሰው አልፎት በሚሄደው ነገር ፊት ምን ያህል ያስቆመኛል በማለት ነው።

ዴ ሲካ በ1952 ያወጣው «ኡምቤርቶ ዲ» ደግሞ ስለ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ጡረታው የቤት ኪራዩን አልሸፍን ስላለው፥ ከአንድ ውሻ በቀር ወዳጅ ስለሌለው ሽማግሌ። ሽማግሌውን ሆኖ የሠራው በፍሎረንስ የቋንቋ ጥናት ፕሮፌሰር የነበረው ካርሎ ባቲስቲ ነው። ሽማግሌው ችግሩ ሲጸናበት ጎዳና ላይ ቆሞ ለመለመን መዳፉን ይዘረጋል፤ አንድ አላፊ አግዳሚ ሊሰጠው ሲል ግን ዝናም መዝነብ አለመዝነቡን እንደሚመረምር ሰው መዳፉን ይገለብጠዋል። በዚሁ ፊልም የቤት ሠራተኛዋ በጧት ተነሥታ እሳት ስታቀጣጥል፥ በግድግዳው ላይ በሚርመሰመሱት ጉንዳኖች ላይ ውኃ ስትረጭ፥ ቡና ስትፈጭ፥ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ እግሯን ዘርግታ በአውራ ጣቷ በሩን ስትገፋ እናያለን። ምንም የሚፈጸም ነገር የለም። ዕንባዋ ግን ይወርዳል፤ ፀንሳለችና። ቡና ሲወቀጥና ሲቆላ ያደግን ሰዎች፥ በዚያ ሥራ ላይ ስንት እናቶችና እኅቶች ምን ሲያስቡ እንደ ነበረ አስበን እናውቃለን? እኔ አስቤ አላውቅም ነበር። በጊዜው በመንግሥት የትርኢት ጉዳዮች ኀላፊ የነበረውና በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ጁሊዮ አንድሬዮቲ፥ ፊልሙ የኢጣልያን ገመና ለውጭ ሰው ያጋልጣል ብሎ በጋዜጣ ወቀሳ ጻፈበት። ሹማምንት ከፊልም ይልቅ የፊልም ተመልካችን ይፈራሉ መሰለኝ።

ያን የብስክሌቱን ፊልም በ1950 ለንደን ውስጥ ያየ አንድ የካልካታ ሰው ነበረ፤ ሳትያጂት ራይ ይባላል። በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት የሥዕል ሥራ የሚሠራ ሰው ነበረ፤ ፊልሙን አይቶ ሲወጣ ግን ዲሬክተር ለመሆን ቈረጠ። በ1952 «ፓተር ፓንቻሊ» የተባለውን፥ ስለ አንድ የቤንጋል ገጠር ድኻ ቤተ ሰብ የሚናገር ፊልም ጀመረ። ባለገንዘብ አላገኘም፤ የሚስቱን ጌጣ ጌጥ በመያዣ አስያዘ። ሁለቱ ልጆች ባቡር ለማየት ነጭ አበባ ባበበው ረጅም ሣር መካከል ሲሮጡ የሚታዩበትን ክፍል ለማንሣት ጀምሮ፥ በሳምንቱ ቢመለስ አበባውን ከብቶች በልተውታል። ሌላ ዓመት እስኪያብብ ጠበቀ። እኛ አገር የኖረ ሰው በዚህ ነገር ሊስቅ አይችልም፤ ከብት ከገባበት ማሳ ፊት የቆመን ገበሬ ፊት ያውቀዋልና።

በመጨረሻ የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ገንዘብ ሰጥቶ ፊልሙን አስጨረሰው፤ በ1955ም ወጣ። የፊልሙ ስም ትርጓሜ «የመንገድ ዜማ» እንደ ማለት ስለሆነ፥ ገንዘቡ በሒሳብ መዝገብ የሰፈረው «ለመንገድ ማሻሻያ» በሚል አርእስት ነው። ከሕንድ ፊልሞች ሁሉ ከፍ ያለ ስም ካላቸው አንዱ በመንገድ ሥራ መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል ማለት ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛነቴ ብቻዬን ሳቅሁ። በኋላ ስለሚጠቅመኝ አንባቢ ይህን ነገር እንዳይረሳብኝ አደራ እላለሁ።

ስለ ጃፓናዊው ያሱጂሮ ኦዙ በአጭሩ አልፋለሁ፤ ሥራው በወሬ ሊነገር የሚችል አይደለምና። በ1953 ባወጣው «የቶክዮ ታሪክ» ውስጥ፥ በባሕር ዳርቻ ካለች ትንሽ ከተማ ሽማግሌ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ቶክዮ ይመጣሉ። ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም፤ ሥራ በዝቶባቸው ጊዜ የላቸውም እንጂ። ወላጆቹን በማስተናገድ የምትደክመው በጦርነት የሞተው ልጃቸው ሚስት ናት። የኦዙ ካሜራ እንደ ሌሎቹ በቆመ ሰው ቁመት አያይም፤ በርጩማ ላይ ወይም ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ እንግዳ እንደሚያይ ዝቅ ብሎ ያያል። ፊልሙን ባየሁ በማግሥቱ ደሴ ለእናቴ ስልክ ደወልሁ። «ምነው ደኅና ነህ? ምን ሆነሃል?» አለችኝ፤ ያለ በዓል ደውዬላት አላውቅም ነበርና።

ከራሳችን ሰዎች ደግሞ የጎንደሩን ተወላጅ የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን ስም ሳልጠራ ባልፍ አጠፋለሁ። አባታቸው የቴአትር ጸሐፊ ነበሩ። እርሳቸው በአሜሪካ አገር የፊልም ተማሪ በነበሩበት ጊዜ፥ በ1974 አገራችን በለውጥ ማዕበል ውስጥ ሳለች መጥተው ያነሡትና በ1976 የወጣው «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» ስለ ባለ ርስትና ስለ ጭሰኛ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ርምጃውም ዝግ ያለ ነው። እኔ ከተሜ ሆኜ ያደግሁ ሰው፥ እርሻ በምን ያህል ድካም እንደሚሠራ በዐይኔ ያየሁት በዚያ ፊልም ነው ብል ሐሰት አይሆንም። በ2008 የወጣው «ጤዛ» በቬኒስ በዓል የዳኞችን ልዩ ሽልማት፥ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። እኔን ግን ከሁለቱ አብልጦ የሚይዘኝ የመጀመሪያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ እደርሳለሁ። አኪራ ኩሮሳዋ በ1910 ቶክዮ ተወልዶ በ1998 የሞተ ሰው ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በ«ሰባቱ ሳሙራይ» ነው። ስለ ልጅነቱ ራሱ የጻፈው አንድ ነገር አለ። በ1923 ቶክዮን ያጠፋው የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ፥ ታላቅ ወንድሙ ሬሳ በተከመረበት ፍርስራሽ መካከል ይዞት ዞረ። ልጁ ፊቱን ሊያዞር ሲል ወንድሙ እንዲመለከት አስገደደው። ማታ እንቅልፍ እንቢ ይለኛል ብሎ ሲጠብቅ ደኅና ተኝቶ አደረ። ወንድሙን ምክንያቱን ቢጠይቀው፥ ሰው የሚፈራው ዐይኑን የጨፈነበትን ነገር ነው፤ ትክ ብለህ ካየኸው የሚያስፈራ ነገር የለም የሚል መልስ ሰጠው። ይህ ወንድሙ ድምፅ የሌላቸውን ፊልሞች በሲኒማ ቤት ቆሞ ለተመልካች የሚተርክ ሰው ነበረ፤ በ1933 ራሱን አጠፋ።

ኩሮሳዋ በ1952 ያወጣው ፊልም «ኢኪሩ» ይባላል፤ መኖር ማለት ነው። ከጓደኛዬ ጋር ያየነው የእንግሊዝኛ ትርጉም ከሥር ተጽፎበት ነው። ፊልሙ የሚጀምረው በሰው ፊት አይደለም፤ በአንድ ሰው ሆድ ዕቃ የራጅ ሥዕል ነው። የሆድ ዕቃው ባለቤት አቶ ዋታናቤ በቶክዮ ማዘጋጃ ቤት የነዋሪዎች ጉዳይ ክፍል ሹም ነው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አንድ ቀን ከሥራ ቀርቶ አያውቅም፤ ሠርቶም አያውቅም። ከተከመረው መዝገብ አንዱን ያነሣል፥ ያትማል፥ ያስቀምጣል። ከአንድ ሠፈር የመጡ ሴቶች፥ ልጆቻቸውን የሚያሳምመው የቆሻሻ ውኃ ኩሬ ተደፍኖ መጫወቻ ቦታ እንዲሆንላቸው ሊያመለክቱ ይቀርባሉ። ወደ መናፈሻ ክፍል ይላካሉ፤ ከዚያ ወደ ጤና፥ ከዚያ ወደ ፍሳሽ፥ ወደ መንገድ፥ ወደ እሳት አደጋ፥ እስከ ምክትል ከንቲባው ይደርሳሉ፤ በመጨረሻም ተመልሰው ወደ መጀመሪያው መስኮት ይመጣሉ። ጓደኛዬ እዚህ ላይ በሣቅ ፈረሰ። እኔ አልሣቅሁም።

ሰውዬው የጨጓራ ነቀርሳ እንደ ያዘውና ጥቂት ወራት ብቻ እንደ ቀረው ይረዳል። ሐኪሞቹ አይነግሩትም፤ በተራ መጠበቂያው የተቀመጠ ሌላ በሽተኛ ነው ሐኪሙ ሊናገር የሚችለውን ውሸት አስቀድሞ የሚነግረው። ልጁ ከርስቱ በቀር አያስበውም። መጠጥና ዘፈን ቤት ሞከረ፤ አልሆነለትም። በመሥሪያ ቤቱ የነበረች፥ «የደረቀ ሬሳ (ሙሚ)» ብላ ቅጽል ስም ያወጣችለት ደስተኛ ወጣት ሥራውን ለቃ የአሻንጉሊት ፋብሪካ ገብታ ነበርና ምሥጢርሽ ምንድር ነው ብሎ አጥብቆ ጠየቃት። ልጅቱ ፈርታው በቁልፍ የሚዘልል የአሻንጉሊት ጥንቸል ጠረጴዛው ላይ አቆመችና፥ ይህን እሠራለሁ፥ ልጆች ሁሉ ጓደኞቼ የሆኑ ይመስለኛል አለችው። በዚያች ጥንቸል ፊት የሰውየው ፊት ሲለወጥ ኩሮሳዋ ለረጅም ጊዜ ያሳየናል። በማግሥቱ ዋታናቤ ወደ ቢሮው ተመልሶ የሴቶቹን ማመልከቻ ከክምሩ ውስጥ አወጣ።

ከዚህ በኋላ ዲሬክተሩ ያደረገውን ነገር በዕድሜዬ አልረሳውም። ከፊልሙ ሲሶው ገና ሳይታይ አክተሩ ሞተ። ሲሞትም አላየነውም፤ ሞተ ተባለ፥ ወዲያውም የልቅሶው ቤት ታየን። የደሴው ሕግ በዚህ ፈረሰ። መጫወቻው ቦታ ተሠርቷል፤ ምስጋናውን ምክትል ከንቲባው ወስዶታል። የሠፈሩ ሴቶች ብቻ መጥተው ከፎቶግራፉ ፊት አልቅሰው ይሄዳሉ። ባልደረቦቹ እየጠጡ፥ ነገሩን በየትዝታቸው እየገጣጠሙ፥ ሰውየው ከየክፍሉ ደጃፍ እየተቀመጠ እንዴት እንደ ለመነ ጥቂት በጥቂት ይገባቸዋል። ሰክረው «እኛም እንደ እርሱ እንሠራለን» እያሉ ይማማላሉ። በማግሥቱ አዲሱ ሹም ባለጉዳዮችን ወደ ሌላ ክፍል ይልካል። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ በቁጣ ብድግ ይላል፤ ሁሉም ሲያዩት ቀስ ብሎ ይቀመጥና ከመዝገቡ ክምር ጀርባ ይሰወራል። በ2022 እንግሊዞች ይህንኑ ታሪክ ወደ ለንደን አዛውረው፥ ካዙኦ ኢሺጉሮ ጽፎት ሠርተውታል፤ መልካም ነው፥ ነገር ግን ያ የሚቀመጠው ሰውዬ የጃፓኑ ይበልጥብኛል። እኔን ይመስላልና።

ያን ጊዜ ከጠረጴዛዬ ፊት የሚመላለሱ አንድ ጡረተኛ ዘበኛ ነበሩ። ከሰንዳፋ በአውቶቡስ ነበር የሚመጡት። የአገልግሎታቸው ዘመን ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሆን፥ የመጀመሪያው ሰባት ዓመት ማስረጃ ከማኅደራቸው ውስጥ ስላልተገኘ ጡረታቸው ጎድሎ ተሰላ። ዐሥራ አራት ወር ተመላለሱ። ወደ ሰው ኀይል ክፍል መራኋቸው፤ የሰው ኀይል ወደ ሕግ ክፍል፥ ሕግ ክፍል ወደ እኔ። «መዝገቡ አልተገኘም አባባ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሱ» እላቸው ነበር፤ ይህን ስል ዐይኔ ከኮምፒዩተሩ አይነሣም። «እሺ ልጄ» ይሉና ይሄዳሉ።

ኢኪሩን ያየሁት እሑድ ማታ ነው። ሌሊቱን ብዙ ነገር ማልሁ። ሰኞ መጣሁ፥ ኮምፒዩተሬን ከፈትሁ፥ ተቀመጥሁ። ማክሰኞም እንዲሁ። ሽማግሌው በቀጠሯቸው መጡ፥ «አልተገኘም» አልኋቸው፥ ሄዱ። ይህን መሰወር እችል ነበር፤ ኩሮሳዋ ያን ተነሥቶ የተቀመጠውን ሰው ያልሰወረ ሲሆን እኔ ብሰውር ግን ይከብደኛል።

ወር ያህል ካለፈ በኋላ ያ የራይ የመንገድ ገንዘብ ትዝ አለኝ። ፊልም በመንገድ ሥራ ሒሳብ ውስጥ ከተመዘገበ፥ ዘበኛስ በምን ውስጥ ሊመዘገብ ይችላል? ዘበኛ ሲቀጠር መጀመሪያ የሚረከበው ጠመንጃ ነው። ዓርብ ከቀትር በኋላ ቁልፍ አስመጥቼ ወደ አሮጌው የንብረት ክፍል መዛግብት ወረድሁ። አቧራው እስከ ዛሬ ድረስ ያስለኛል። በአንድ የጠመንጃ ርክክብ ደረሰኝ ጀርባ፥ በዛገ መርፌ ቁልፍ ተያይዞ የቅጥር ደብዳቤው ተገኘ። ከላዩ አንዲት ፎቶግራፍ ነበረችበት፤ ጠጕሩ የቆመ ወጣት ካሜራውን ትክ ብሎ ያያል። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ፎቶግራፉን ሳይ ቆየሁ። ዐሥራ አምስት ወር ያህል የፈጀው ጉዳይ ከሦስት ሰዓት ያልበለጠ ሥራ ነበር።

ማስረጃው በሚቀጥለው ሳምንት ተጽፎ፥ ተፈርሞ፥ ታትሞ ወጣ። ሽማግሌው ሲመጡ ተነሥቼ ወንበር ሰጠኋቸውና ደብዳቤውን አነበብሁላቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው፥ ማኅተሙን ወደ ብርሃን አቅንተው አዩት፤ አጣጥፈውም በኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት። ከዚያ ፊቴን ተመለከቱና፥

«ያ ፊት እዚህ ይቀመጥ የነበረው ልጅ ወዴት ሄደ?» አሉኝ።

በዚያ ሁሉ ወራት ያዩት የራስ ቅሌን ብቻ ነበር።

«ተዛውሯል አባባ» አልኋቸው።

«እሱስ ደግ አደረጉ። አንተን እንዳያዛውሩብን» ብለው መረቁኝና ደረጃውን ይዘው ወረዱ። ከእርሳቸው ቀጥላ ቆማ የነበረችው ሴት ወረቀቷን ዘረጋችልኝ።